መልስ የሚጠብቁ ረቂቆች፦ ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ሲዘምቱ ጋስቶን ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ የንግድ ሰው ከሠራዊቱ ጋር አብሮ ተጉዞ ነበር። ሰውየው መሣሪያ አንግቦ አልተዋጋም፤ ያየውን ግን እየጻፈ ያስቀምጥ ነበር። የጦርነቱን አስከፊነት፣ የተነዳውን ከብት፣ የተማረከውን ሕዝብ፣ በመጨረሻም የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው መያዛቸውን መዘገበ። ጽሑፉ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ከዘመቻው እስከ መጽሐፉ ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆን ነው።

ያንኑ ዘመቻ በአማርኛ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። የእርሳቸው ረቂቅ ዕጣ ሌላ ሆነ። ጸሐፊው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1930 እና በ1932 እ.ኤ.አ. መካከል፣ የፈረንሳይኛው ትርጉም ፓሪስ ውስጥ ታተመ። ዋናው አማርኛ ለአገሩ አንባቢ የደረሰው በ1959 ዓ.ም. ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ሰው የጻፉት፣ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያወድስ ታሪክ እንኳ ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ የሚያስገርም ነው።

የተሸነፈው ወገን ደግሞ ረቂቅም አልነበረውም። የወላይታ ሰው የደረሰበትን በቃሉ ይዞ ለልጁ ነገረ፤ ልጁም ለልጁ። ያ ቃል በወላይታ ልጆች እጅ ተጽፎና ታትሞ አንባቢ ፊት እስኪቀርብ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ስለ ወላይታና በወላይትኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ ከአንድ ቢሮ ደጅ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ ኖሯል። ቢሮው ስሙን ይለውጣል፣ ባለሥልጣኑም ይለወጣል፤ ደጅ ጥናቱ ግን አልቀረም።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ይጀምራል። ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. ካቋቋሙ በኋላ የአማርኛ መጽሐፍ ማተም መስመር ያዘ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። መጽሐፉ በ1916 ዓ.ም. ሲወጣ ደራሲው በሕይወት አልነበሩም፤ በ1911 ዓ.ም. አርፈዋል። ኢትዮጵያ ካፈራቻቸው እጅግ ብሩህ አእምሮዎች አንዱ መጽሐፋቸውን ታትሞ ሳያዩ ሞቱ።

በዚያው ዘመን በለንደን ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። አሌክሳንደር ፖሎክ ዋት የተባለ ስኮትላንዳዊ ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የደራሲያንን ረቂቅ ተቀብሎ ለአሳታሚ የሚያቀርብ፣ የሚዋዋል፣ ከገቢው ድርሻውን የሚወስድ ወኪል ሆኖ መሥራት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ ሥራው በእንግሊዝና በአሜሪካ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። የዚያ አገር ደራሲ ዛሬም ረቂቁን ልኮ ወራት ይጠብቃል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «አይሆንም» ነው። ያም ሆኖ «አይሆንም» የሚለው ሰው ረቂቁን የሚመዝነው ይሸጣል ወይስ አይሸጥም፣ ይነበባል ወይስ አይነበብም ብሎ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሙያ ሥር አልሰደደም። ደራሲው ሲጠብቅ የኖረው ፈቃድ ነው። ረቂቁ የሳንሱሩን ማህተም ሳያገኝ ማተሚያ ቤት አይነካውም ነበር። ማህተም አግኝቶ የታተመውም ቢሆን አልዳነም፤ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ገበያ ከወጣ በኋላ ተሰብስቧል።

አሁን ወደ ወላይታ፣ ወደ ከተማዋ ሶዶ እንመለስ። በ1920 ዓ.ም. የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን የሚባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር መልእክተኞች፣ በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ መሪነት፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወላይታ ገቡ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ኦቶና በሚባለው ስፍራ ጣቢያቸውን ተከሉ። እዚያ የተከፈተው ሆስፒታል የአካባቢውን ሰው ለብዙ ትውልድ አክሟል። ከሕክምናው ጎን ሌላ ሥራም ነበረባቸው፤ ወላይትኛን ተምረው ከቅዱስ መጽሐፍ ጥቂት ክፍሎችን መተርጎም። ይህን ያለ ወላይታ ልጆች ሊሠሩት አይችሉም ነበር። ሚሲዮናዊው ቃሉን ይጠይቃል፣ ወጣቱ ይመልሳል፣ ደግመው ያነቡታል፣ ያርሙታል። የመጀመሪያዎቹ የወላይትኛ ጽሑፎች የተሠሩት እንደዚህ ነው፤ የእነዚያ ወጣቶች ስም ግን በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ አልወጣም።

በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሶዶን ሲይዝ ሚሲዮናውያኑ ለቀው ወጡ። በዚያን ጊዜ የተጠመቁት አማኞች ከ50 አይበልጡም ነበር። በእጃቸው የቀረው ጽሑፍም ያው ጥቂት ነው። ሚሲዮናውያኑ ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ግን አማኙ በሺዎች ተቆጥሮ ጠበቃቸው። በእነዚያ ዓመታት እስራትና ግርፋት ነበር። ቃሉን የያዘው ከወረቀቱ ይልቅ መዝሙሩ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይሻገራል። መዝሙር የማንንም ማህተም አይጠብቅምና።

እዚህ ላይ ነው ረጅሙ ጥበቃ የሚጀምረው። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሚሲዮኖችን ሥራ የሚገዛ ድንጋጌ አወጣ። አገሪቱ ለሚሲዮን ክፍት የሆነና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል ተብሎ ተከፈለ፤ ደቡቡ በአብዛኛው ክፍት ሆነ። ስለ ቋንቋ ግን ድንጋጌው ለሁሉም አንድ ነበር፦ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ነው፣ ሚሲዮናዊውም አማርኛ ይማር። የአካባቢው ቋንቋ የሚፈቀደው መጀመሪያ ላይ፣ አስተማሪውና ተማሪው አማርኛ እስኪለምዱ ብቻ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎ ይህንኑ አጸና።

የድንጋጌው ትርጉም በሶዶ ግልጽ ነበር። በወላይትኛ የተተረጎመ ነገር ሁሉ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ማለት ነው። አምላኪው በአማርኛው መጽሐፍ ተገልግሎ ሰባኪው በቃሉ ወደ ወላይትኛ ይመልስለታል። ሙሉው አዲስ ኪዳን በወላይትኛ ታትሞ የወጣው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን ሶዶ ከገቡ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ 2002 እ.ኤ.አ.ን ጠበቀ። በትርጉሙ መጀመሪያ ላይ አብሮ ቃል የመረጠ ወጣት በመጨረሻው ቢኖር ሽማግሌ ሆኖ ነው። የኢትዮጵያ ረቂቆች ስለ ጠበቁት ጊዜ ሲነሣ ሁልጊዜ የታወቁ ደራሲያን ስም ይጠራል። የወላይታው የትርጉም ሥራ ግን ከሁሉም የሚረዝም ጥበቃ ሆኖ ሳለ ከጸሐፊዎች ታሪክ ተቆጥሮ አያውቅም፤ መቆጠር ይገባው ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ በሩ ከአንድ ወገን ተከፈተ። ለወላይታ ሕዝብ የተሰጠው «ወላሞ» የሚለው የማዋረጃ ስም ከመንግሥት ወረቀት ወጣ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ መጀመሪያ የተሠራባቸው ቋንቋዎች አምስት ነበሩ፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና ወላይትኛ። በኋላ ቁጥሩ 15 ደረሰ። ፊደሉ ለሁሉም የግእዝ ፊደል ነው። ገበሬው ከእርሻ መልስ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ራሳቸው የሚናገሩትን ቋንቋ በሰሌዳ ላይ አነበቡ። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የወላይትኛ አንባቢ ከዚያ በፊት ተፈጥሮ አያውቅም። ይህን የደርግ ሥራ መካድ ግፍ ነው።

ችግሩ ከዘመቻው በኋላ ምን ይነበብ የሚለው ነበር። ማንበቢያው ካለቀ በኋላ የሚከተል ልብ ወለድ፣ የታሪክ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ በወላይትኛ እንደ ልብ አልነበረም። አሳታሚ የሚባለው በዚያን ዘመን በዋናነት መንግሥት ነው፤ ስሙም ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት። ረቂቅ ወደ ኩራዝ ይገባል፣ ገምጋሚ ያነበዋል፣ ሳንሱር ያየዋል። ለአማርኛው ደራሲ እንኳ የሚወጣው መልስ ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችል ነበር። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በኩራዝ አሳትሞ መጽሐፉ በቀናት ውስጥ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጻፈው «ሌቱም አይነጋልኝ» በእጅ ጽሑፍ ከአንባቢ ወደ አንባቢ ሲዞር ሁለት መንግሥታት አለፉበት። በፈረንሳይኛ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲታተም ደራሲው ሸምግሎ ነበር። የታወቁት እነዚህ ሰዎች ይህ ከደረሰባቸው፣ ሶዶ ተቀምጦ በወላይትኛ ግጥም የሚጽፍ የገጠር መምህር ረቂቁን ለማን ይልካል? የትኛው ገምጋሚ ያነብለታል?

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን አስቀረ። ለኢትዮጵያ ደራሲ ትልቅ ቀን ነበር። በዚያው ሰሞን ወላይትኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ ፊደሉ ወደ ላቲን ተለወጠ። ለለውጡ የቀረበው ምክንያት የድምፅ ነው፤ በወላይትኛ የአናባቢ መርዘምና የተናባቢ መጥበቅ የቃሉን ፍቺ ይለውጣሉ፣ የግእዝ ፊደል ደግሞ ሁለቱንም ለይቶ አያሳይም። ምክንያቱ ትክክል ቢሆንም የተከፈለበት ዋጋ ከባድ ነው። በዘመቻው በግእዝ ፊደል ማንበብ የተማረው አባትና በትምህርት ቤት በላቲን የተማረው ልጅ፣ በአንድ ቋንቋ እያወሩ፣ አንድ መጽሐፍ አብረው ማንበብ የማይችሉ ሆኑ። በወላይትኛ የሚጽፍ ሰው ከዚያ ወዲህ ገና ብዕር ሳያነሣ ለየትኛው ትውልድ እንደሚጽፍ መምረጥ ግድ ሆኖበታል።

ከዚያ የመጣው ወጋጎዳ ነው።

በዚያን ጊዜ ወላይታ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም ጋር በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር፣ ከአርባ ምንጭ ይተዳደር ነበር። የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች የሚቀራረቡ ናቸው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም በአንድ የኦሜቶ ዘር ይመድቧቸዋል። ባለሥልጣናቱ ከዚህ ተነሥተው አንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ቢበጅ፣ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ቢታተም ወጪ ይቀንሳል፣ ሕዝቡም ይቀራረባል አሉ። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስም መነሻ ተወስዶ ወጋጎዳ የሚባል ተሠራ። ቃል ከአንዱ፣ ቃል ከሌላው ተቀላቅሎ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ ታተሙ፣ ወደ ትምህርት ቤቶች ተላኩ።

እነዚህ ረቂቆች ምንም ዓይነት ጥበቃ አላዩም። ማህተሙም ማተሚያውም አንድ እጅ ላይ ነበሩ። የወላይትኛው አዲስ ኪዳን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲጠብቅ የወጋጎዳ መጽሐፍ በአጭር ጊዜ ከጠረጴዛ ወደ ክፍል ገባ። መምህሩን የጠየቀ የለም፤ ልጁን በቤቱ የሚያስጠናውን ወላጅ የጠየቀም የለም። ልጁ የራሱን ቋንቋ ሊማር ገብቶ ማንም የማይናገረውን ቋንቋ አገኘ።

መልሱ በሕዳር 1992 ዓ.ም. መጣ። መምህራን በእነዚያ መጻሕፍት አናስተምርም አሉ። ተማሪዎች ሶዶ ከተማ ላይ አደባባይ ወጡ፤ ወላጆቻቸው ተከተሏቸው። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መጻሕፍቱ ተቀደዱ፣ ተቃጠሉ። ጸጥታ አስከባሪው ተኩሶ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ መምህራንና ተማሪዎች በብዛት ታሰሩ። በኢትዮጵያ የመጽሐፍ ታሪክ መንግሥት ከሕዝብ መጽሐፍ ሲሰበስብ የታየው ብዙ ጊዜ ነው። አንባቢው የመንግሥትን መጽሐፍ ይህን ያህል ዋጋ ከፍሎ ሲመልስ የታየው ግን በሶዶ ነው። መጽሐፍ ማቃጠልን ማወደስ አይቻልም። ሆኖም ቃጠሎው የተነሣው ሌላ መልስ መስጫ መንገድ ስላልነበረ ነው። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት አስር መምህራን ሶዶ ላይ ተቀምጠው ቢያነቡት ኖሮ የሞቱት ሰዎች ባልሞቱ ነበር።

መንግሥት መጻሕፍቱን ሰበሰበ። ወላይትኛ በራሱ ስምና በራሱ መጽሐፍ ወደ ክፍል ተመለሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሰሜን ኦሞ ዞን ፈርሶ ወላይታ ሶዶን ዋና ከተማው ያደረገ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ጋሞ ጎፋና ዳውሮም የየራሳቸውን ዞን አገኙ። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ የአንድ ክፍለ አገር ካርታ ለወጠ ማለት ማጋነን አይሆንም፤ የቆየው የራስ አስተዳደር ጥያቄ በዚያ መጽሐፍ ላይ ነውና የፈነዳው።

ከዚያ ወዲህ ነገሮች ተሻሽለዋል። የወላይታ ልጆች ስለ ራሳቸው ጽፈው አሳትመዋል፤ ዋና ዋጌሾ በአማርኛ ያዘጋጁት የወላይታ ሕዝብ ታሪክ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ ወላይትኛም በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚጠና ቋንቋ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወላይትኛን አፍ መፍቻዬ ያለው ሰው ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ድሮ ደጅ የሚጠናበት ቢሮ አዲስ አበባ ወይም አርባ ምንጭ ነበር፤ ዛሬ በእግር የሚደረስበት ሆኗል።

የተለወጠው ግን የጥበቃው ዓይነት ነው እንጂ ጥበቃው አልቀረም። ዛሬ ሶዶ ውስጥ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ማህተም የሚጠይቀው የለም። እንደ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ደራሲ የራሱ አሳታሚ ራሱ ነው። ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ይበደራል፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ይዋዋላል። የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ስለሚንር ትናንት የተነገረው ሒሳብ ነገ አይሠራም። መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋይ ይፈልጋል። አከፋፋዩ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈውን በየከተማው ይበትነዋል፤ የወላይትኛውን ግን ገዢው አንድ አካባቢ ነው ብሎ ይተወዋል። ደራሲው ጥቅሉን በአውቶቡስ ጭኖ ይመለስና በትምህርት ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ በዓል ሰሞን ራሱ እየዞረ ይሸጣል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ረቂቁን ከእርሱ ሌላ በሙያ ዓይን ያነበበለት፣ እዚህ ጋ ይጠር፣ ይህ ምዕራፍ ይውጣ ያለው ሰው የለም። ነፃ ሆኗል፤ ብቻውን ግን ነው።

ለወላይትኛ ትኩረት ከሰጡት ብዙዎቹ ውጭ ያሉት መሆናቸውም ያሳዝናል። የጣሊያኑ ማርቲኖ ማሪዮ ሞሬኖ የኦሜቶ ቋንቋን ሰዋስው ያሳተመው በ1938 እ.ኤ.አ.፣ በወረራው ዘመን፣ በአገሩ ነው። ላምበርቲና ሶቲሌ ስለ ወላይትኛ የጻፉት መጽሐፍ በ1997 እ.ኤ.አ. ኮሎኝ ላይ ወጣ። ጃፓናዊው ሞቶሚቺ ዋካሳ በ2008 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሰፊ የወላይትኛ ሰዋስው ለዶክትሬት ጽፏል። እነዚህ ሥራዎች የተከበሩ ናቸው። ወደ ወላይትኛ ወይም ወደ አማርኛ ተመልሰው የሶዶ መምህር እጅ ቢገቡ ደግሞ የበለጠ ይከበሩ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያና ለክልሉ መንግሥት ይቀርባል። ሳንሱር ይመለስ የሚል የለም። የሚያስፈልገው አንባቢ ጉባኤ ነው፤ የወላይትኛ መምህራን፣ ሽማግሌዎችና ደራሲያን ያሉበት፣ ረቂቅ የሚቀበል፣ ረቂቁ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ የሚያነብ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አስተያየቱን በጽሑፍ የሚሰጥ። «አይሆንም» ቢልም ለምን እንደማይሆን ይንገር። የሚሆነውን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አሳትሞ ለየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያድርስ። የሚሠሩት ሰዎች በሶዶ አሉ፤ መጀመር ብቻ ነው የቀረው።